የልክነሽ አሻራ

ልክነሽ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ መቀመጥ ከጀመረች ወዲህ፣ ወደ ግቢዋ ጎራ የሚል ጎረቤት ሁሉ ሰው የሞተባት እየመሰለው «ምነው? ማን ነው?» እያለ ደንገጥ ብሎ ይገባ ነበር። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የዚህች ሴት እጅ ባዶውን የታየው በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አምስቱንም ጊዜ አራስ ሆና። ያኔም ቢሆን ከሦስተኛው ሳምንት በላይ አልታገሠችም። አሁን ግን ጤነኛ ሴት፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት እጇን ቫዝሊን ተቀብታ፣ ከላይ ነጭ ጓንት አጥልቃ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተጎልታ ትውላለች። አርባ ምንጭ ውስጥ በጥር ወር ጓንት ያደረገ ሰው ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ሳህን የምታጥበው፣ እንግዳ የምታስተናግደው፣ ጎመን የምትከትፈው የልጇ የአሞጽ ሚስት ዘቢደር ናት። ዘቢደር ከሰሜን ለመምህርነት የመጡ ሰዎች ልጅ ስለሆነች ትእዛዝ ማስከበር ታውቅበታለች፤ ገና ልክነሽ ወደ መጥረጊያው ስታይ «እማማ፣ እጅዎን!» ትላለች። ልክነሽ ሙዝ እንኳ ሲያምራት የሚልጥላት ሰው መጥራት ነበረባት።

ጥፋቱ የጣቶቿ ነበር። የመጨረሻ ልጇ ፌቨን ጀርመን አገር አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ባሏ የሌሊት ተረኛ ስለሆነ አጠገቧ የሚያድር ሰው የለም። የመጥሪያ ወረቀት ስትልክላት፣ ልክነሽ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ሄዳ ኤምባሲው መስኮት ፊት ቆመች። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ጣቶቿን አንድ በአንድ በሚያበራ መስተዋት ላይ አስጫነቻት፤ ደግማ አስጫነቻት፤ ከዚያ መዳፏን ገልብጣ እያየች «እናቴ፣ እርስዎ እኮ አሻራ የለዎትም» አለቻት። ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። ልክነሽ በዕድሜዋ ብዙ ነገር የለሽም ተብላለች፤ መሬት የለሽም፣ ማስረጃ የለሽም፣ ተራ የለሽም። ጣት የለሽም ስትባል ግን የመጀመሪያዋ ነው። ዶርዜ ተራራ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ እንሰት ስትፍቅ፣ ከተማ ወርዳም ለሸማኔው ባሏ ለኦይታ ክር ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ የጣቶቿ ጫፍ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሟል። ሠራተኛዋ አዝና «ሦስት ሳምንት ሥራ አይንኩ፣ ቅባት ይቀቡት፣ ቆዳው ይመለሳል» ብላ ሸኘቻት። እውነትም ተመለሰ፤ በሦስተኛው ሳምንት አሥሩም ጣት በመከራ ተነሣ፣ ቪዛውም ፓስፖርቱ ላይ ተለጠፈ። ፌቨን ግን በስልክ አላረፈችም። «እዚህ ስትገቢ ያንኑ አሻራ እንደገና ይጠይቁሻል። ካልገጠመ ከበር ነው የሚመልሱሽ። እስክትደርሺ ምንም እንዳትነኪ፣ እማ፤ ብቻዬን እንዳታስወልጂኝ።»

ይህ ትእዛዝ አንድ ነገር ረስቷል። በኦይታ ቤት ልጅ ሲወለድ የሚጠቀለልበትን ትንሽ ጋቢ አያቲቱ ፈትላ፣ አያትየው ሸምኖ ነው የሚሰጠው፤ ለአሞጽ ልጆችም እንዲሁ ተደርጓል። ኦይታ ይህን ነገር አላነሣም። ሲፈጥረው ዝምተኛ ነው፤ ከሸማኔ ጉድጓዱ ወገቡን ብቻ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ ይውላል። ዘቢደር ነገሩ ገብቷት ከገበያ የፋብሪካ ክር ገዝታ አመጣችለት፤ ነጭ፣ እኩል፣ እንከን የሌለው። ኦይታ ተቀበላት፣ በጣቱ ዳሰስ አደረገው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ጥጥና እንዝርት አምጥቶ ልክነሽ አጠገብ አኖረና ፊቷን እንኳ ሳያይ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ልክነሽም ጓንቷን አውልቃ አግዳሚው ሥር ሸጎጠችና እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሾረችው።

አሥራ አንድ ጠዋት እንዲሁ አለፈ። ዘቢደር ከእንቅልፏ እስክትነቃ ትፈትላለች፤ የዘቢደር በር ሲንቋቋ ጓንቷን አጥልቃ እጇን ታጣምራለች። ዘቢደር ቫዝሊኑን በመብራት እንጂ በጠዋት ስለማትቀባት ምንም አልጠረጠረችም፤ «ሰነፍ እጅ ሊሆኑ ነው እኮ» እያለች ትቀልድባታለች። ሽማግሌና አሮጊት ሆነው እንደ ሌባ ተደብቀው መሥራታቸው ሁለቱንም ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ጋቢው አልቆ ሲታጠፍም ዘቢደር ባመጣችው ክር የተሸመነ መስሏት «እንዴት ያምራል!» ብላ አጣጥፋ የሰጠቻት ራሷ ናት።

የጉዞው ቀን በየካቲት 2008፣ ሐሙስ ዋለ። አሞጽ ላይኛው ከተማ ሴቻ ካለው የዞን ቢሮ አስፈቅዶ በሚኒባስ ወረደ፤ በሁለት ባጃጅ ተጭነው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄዱ። ባለባጃጆቹ ጀርመን የሚሄድ ሰው መሸኘታቸው መሆኑን ሲሰሙ ሒሳቡን እጥፍ አደረጉት፤ አሞጽ ሲከራከር ልክነሽ «ተዋቸው፣ የኔ ጉዞ ለእነሱም ይድረሳቸው» አለች። ሻንጣው ውስጥ ቡላ፣ የተነጠረ ቅቤና በርበሬ አለ። ጋቢው ግን ጭነት ውስጥ አልገባም፤ በእጇ በያዘችው ዘንቢል ውስጥ ከፓስፖርቷ ጋር ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ትኬት የሌለው አይገባም ሲል ኦይታ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ሠላሳ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ከሳምንት በላይ ተለያይተው ስለማያውቁ መሰነባበት አልተማሩም። ኦይታ በጋሞኛ «ጓንትሽን አታውልቂ» አለ። ልክነሽ «እሺ» አለች። ሌላ የሚባል ነገር ጠፍቶ ሳይሆን ሁለቱም ከጀመሩ እንደማያቆሙ ስለሚያውቁ ነው። ከዚያ ዞር ብላ ገባች።

አውሮፕላኑ ሲነሣ ዓይኗን ጨፍና የመቀመጫውን እጀታ ጨበጠች። ስትገልጠው አገሯ ሁሉ ከሥሯ ተዘርግቶ አገኘችው። በአንድ ወገን አባያ ቡናማ ሆኖ፣ በሌላው ወገን ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ቀጭን ተራራ ጋደም ብሎ፣ ወዲያ ደግሞ የጫኖ ሙዝ ማሳ ጥቅጥቅ ብሎ። ይህን ሁሉ ዘመን በሁለት ሐይቅ መካከል መኖሯን በወሬ እንጂ በዓይኗ አታውቅም ነበር፤ ከሲቀላ የሚታየው ቁራጩ ነው። የቤቷን ቆርቆሮ ልትፈልግ ሞከረች፤ ሺህ ቆርቆሮ በአንድ ላይ አብረቀረቀባት። የኦይታ ጉድጓድ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የቷ ናት? የአንገቷን ማተብ ይዛ «ጌታዬ፣ አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ የምታየን?» አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ነጋዴ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አያትና እርሱም በመስኮቱ ማየት ጀመረ። ያ መንገደኛ በዓመት ስድሳ ጊዜ ቢመላለስም ያን ቀን ያየውን ያህል አይቶ እንደማያውቅ ነገራት።

ቦሌ ስትደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቃት። በር በራሱ ይከፈታል፤ ሰው ሳይነካው ውሃ ይወርዳል፤ ደረጃው ሰው ተሸክሞ ይወጣል። በሚሄደው ደረጃ «እግሬ ጤነኛ ነው» ብላ አልወጣችም፤ በቋሚው ወጣች። የመውጫው መስኮት ጋ ስትደርስ ጓንቷን ጣት በጣት ማላላት ጀመረች። እዚያ የተቀመጠው ልጅ የአሞጽን ታናሽ ያህላል። «የት ይሄዳሉ፣ እናቴ?» አላት። «ጀርመን።» «ምን ሊያደርጉ?» «ልጄ ልትወልድ።» ልጁ ቀና ብሎ አያት፣ ፈገግ አለ፣ «በሽልም ያውጣት» ብሎ ማኅተሙን ፓስፖርቱ ላይ ረገጠው። ጣት አልጠየቃትም። ልክነሽ «ፌቨን ድሮም ፈሪ ናት፤ ከትንሽ ነገር ተራራ ታቆማለች» ብላ ተገረመች። ትንሽ እልፍ እንዳለች ጓንቷን አውልቃ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። ሌሊቱን ሙሉ አውሮፕላኑ ውስጥ ስትጸልይና ስታንቀላፋ አደረች።

ሲነጋ በመስኮቱ ያየችው መሬት የተነደፈ ጥጥ የተበተነበት ይመስል ነበር። በረዶ መሆኑን ያወቀችው ሌላው መንገደኛ ሲያወራ ሰምታ ነው። ከዚያ ረጅም ኮሪደር፣ ከዚያ ሌላ ኮሪደር፣ ከዚያ ሲቀላ ገበያ ሙሉውን ቢገባበት የማይሞላ አዳራሽ። ልክነሽን ያስደነቃት ስፋቱ አልነበረም፤ ጸጥታው ነው። የዓለም ሕዝብ ሁሉ፣ ጥቁሩም፣ ነጩም፣ ጥምጥም የጠመጠመውም፣ ፓስፖርቱን ደረቱ ላይ ይዞ ተሰልፏል፤ አንድም ሰው ከአንዱ ጋር አይጣላም፤ ሕፃን እንኳ አያለቅስም። መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር አለ። መስመሩን የሚጠብቅ ወታደር የለም፣ አጥር የለውም፤ ግን ንጉሥ ቢመጣም ካልተጠራ የማያልፈው ይመስላል። እርስዋም ጫማዋን ከመስመሩ ወዲህ አስተካክላ ቆመች። ፊት ለፊቷ ያሉ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ መስተዋቱ ሳጥን ሲጠጉ፣ ሲያልፉ፣ ወዲያ ማዶ ሲሰወሩ ስታይ ከቅዳሴ በኋላ ለመቁረብ የተሰለፈች ያህል ተሰማት። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር አያለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

ተራዋ ደረሰ። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ወጣት ፖሊስ ፓስፖርቷን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ከዚያ ከፊቱ ያለችውን አነስተኛ ማሽን በጣቱ አሳያት። ልክነሽ ጎንበስ ብላ አየቻት። ያችው የኤምባሲዋ መስተዋት ናት። የቀኝ አውራ ጣቷን ጫነች፤ ቀይ በራ። ሌባ ጣቷን ጫነች፤ ቀይ። ፖሊሱ በወረቀት መሐረብ ጣቷን እንድትጠርግ አሳያት፤ ጠረገች፤ ቀይ። የግራውን አውራ ጣት፣ የግራውን ሌባ ጣት፤ ቀይ፣ ቀይ። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ እግር እግሩን ሲቀያይር ተሰማት። ፖሊሱ አልተቆጣም፤ ስልክ አነሣና ሁለት ቃል ተናገረ። ወዲያው ወገቧ ላይ ሽጉጥ የታጠቀች፣ ፀጉሯ እንደ ገብስ ገለባ ያለ ሴት መጥታ ክንዷን በቀስታ ያዘችና ወደ ጎን ወሰደቻት። ልክነሽ ስትሄድ ወደ ኋላዋ አየች፤ ቢጫው መስመር ላይ ሌላ ሰው ቆሞበታል።

የገባችበት ክፍል ንጹሕና ባዶ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ያችው ማሽን፣ አንድ ስልክ። ፂሙ የሸበተ ሹም ተቀምጧል፤ አጠገቡ ክዳን ያለው የወረቀት ስኒ አለ። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል። ልክነሽ ፌቨንን አሰበች፤ ወዲያ ማዶ፣ ከበሩ ውጪ፣ በዚያ ሆዷ ቆማ በወጣ ሰው ሁሉ ላይ አንገቷን እያሰገገች። አሁን ከዚህ ከመለሷት ልጅቷ አንድ ሰው አጠገቧ ሳይኖር ልትወልድ ነው፤ ያውም በእናቷ እጅ ጥፋት። አሥራ አንዱ ጠዋት አንድ በአንድ መጣባት። ማልቀስ ፈለገች፤ ነገር ግን ክፍሉ በጣም ንጹሕ ሆኖባት እንባዋን ዋጠችው።

ሹሙ ስልኩን ነካ ነካ አደረገው። ከስልኩ ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ እናቴ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ እነሱ የሚሉትን ሁሉ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ የሚሉትንም ሁሉ እነግራቸዋለሁ።»

አማርኛ! ልክነሽ ጠረጴዛው ሥር አየች፣ በሩን አየች። አውሮፕላን ጆሮ ይደፍናል ብለው ስላስፈራሯት ከቤቷ ጀምራ ጥጥ በሁለቱ ጆሮዋ ወትፋ ነበር፤ ትክክል መስማቷን ለማረጋገጥ የአንዱን ጎትታ አውጥታ በመዳፏ ያዘችው። አማርኛዋን የተማረችው በገበያ ነው፤ ሲጨንቃት ሴቱና ወንዱ ይደበላለቅባታል።

«አለሁ፣ ልጄ። ማሽኑ አላወቀችኝም» አለች።

«እሱን ነው የሚጠይቁዎት። ቪዛውን ሲያወጡ የሰጡት አሻራና የዛሬው አልገጠመም። አንዳንድ ሰዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ አሻራቸውን ሆን ብለው ያጠፋሉ፤ በእሳትም፣ በብርጭቆ ወረቀትም። እርስዎስ ጣትዎን ምን አድርገውት ነው ይላሉ።»

ልክነሽ ሰው በገዛ ጣቱ ላይ እሳት ያደርጋል ብላ አስባ አታውቅም፤ ሰቀጠጣት። ግን የተጠየቀችው ጥያቄ ነው፤ እውነቱ ደግሞ አንድ ነው። ይህን ያህል ሥርዓት ባለበት፣ ሰው በመስመር በሚቆምበት አገር ገና በሩ ላይ ሆና መዋሸት ደፋር ያሰኛል።

«አዎ» አለች። «እኔው ነኝ ያጠፋሁት።»

ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ዝቅ አለ፦ «እናቴ… ጥያቄው በደንብ ገብቶዎታል? የተባለውን ሁሉ የመተርጎም ግዴታ አለብኝ።»

«ተርጉሚው። አታጥፊ ብለውኝ ነበር። ልጄም ከልክላኛለች፣ የልጄ ሚስትም ከልክላኛለች። ተደብቄ አጠፋሁት። ከኦይታ በቀር ያወቀ ሰው የለም።»

ጀርመንኛው ሲነገር የሹሙ ፊት ሲጠቁር ልክነሽ አየችው። ባለሽጉጧ ሴትም ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ሹሙ እስክሪብቶ አንሥቶ መጻፍ ጀመረ።

«ኦይታ ማን ነው ይላሉ። ይህን ለማድረግ ስንት ከፍለውታል ይላሉ።»

«ባሌ ነው!» አለች ልክነሽ፣ አሁን ድምፅዋ ከፍ ብሎ። «ለባል ይከፈላል እንዴ? ጥጡን ያመጣልኝ እርሱ ነው። በጥጥ ነው ያጠፋሁት።»

«በጥጥ?» አለች አስተርጓሚዋ። ተረጎመችው። ሹሙም በራሱ ቋንቋ «በጥጥ?» ማለቱ መሆን አለበት፤ ቃሉን ደገመው፣ ባለሽጉጧን አያት፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በጥጥ ቁስል ይጠረጋል እንጂ ጣት አይጠፋም ይላሉ፣ እናቴ። እንዴት እንደሆነ ያስረዱ ይላሉ።»

ልክነሽ በአፏ ልታስረዳ ሞከረችና ተወችው፤ መፍተል እንኳን በአማርኛ በጋሞኛም በቃል አይነገርም። ዘንቢሏን ከፍታ ጋቢውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ሹሙን በዓይኗ አስፈቅዳ እስክሪብቶውን አነሣች፤ የወረቀቱን ስኒ ክዳን ነቅላ ቀዳዳው ውስጥ እስክሪብቶውን አሳለፈችው፤ እንዝርት እንዲሆናት ሚዛኑን ሞከረች፤ ቀለለባት፣ ግን ይሾራል። ከጆሮዋ ያወጣችውን ጥጥ በጥፍሯ በተን በተን አደረገችና ጫፉን እስክሪብቶው ላይ ጠምዝዛ ጭኗ ላይ አሾረችው። ክሩ መጣ። ከግራ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል፣ ከምንም ተነሥቶ፣ ቀጭንና ነጭ ክር እየረዘመ መጣ፤ ጣቶቿ ያን ክር ሲያሹት፣ ሲለቁት፣ መልሰው ሲይዙት ሹሙ ወንበሩን ገፍቶ ቆመ። ባለሽጉጧ ሴት ጎንበስ አለች። በአዳራሹ ውስጥ አገራቸውን ስታደንቅ የመጣች ሴት አሁን የአገሩ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው እጇን ሲያዩ አገኘቻቸው፤ ደስ አላት፣ አፈረችም። ጥጡ የጆሮ ጥጥ ነውና ከአንድ ስንዝር ብዙም ሳይርቅ አለቀ።

ሹሙ ግን ክሩን አልነበረም የሚያየው። ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና የግራ እጇን ሳይነካ በጣቱ ጠቆመ፤ አንድ ነገር ተናገረ።

«ያቺኛዋስ ምን ትሠራለች ይላሉ» አለች አስተርጓሚዋ። «የግራ እጅዎ ትንሿ ጣት። ሌሎቹ ሁሉ ሲሠሩ እሷ ብቻዋን ቆማለች ይላሉ።»

ልክነሽ ትንሿን ጣቷን አየቻት። እውነትም ቆማለች፤ ከሌሎቹ ተነጥላ፣ ወደ ላይ፣ እንደ እመቤት። ሃምሳ ሰባት ዓመት አብራት የኖረችውን ጣት ያን ቀን ገና ያየቻት መሰላት።

«እሷማ ምንም አትሠራም» አለች። «ሰነፍ ናት። ልጅ ሆኜ ስማር አልታጠፍም እያለች እናቴ በእንዝርት ትመታት ነበር። እንሰት ስፍቅም እንዲሁ ናት፣ ትሸሻለች። ተዉአት፣ እሷን አትጠይቋት።»

ይህ ሲተረጎም ሹሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ማሽኑን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገውና በሁለት እጁ ጋበዛት። ልክነሽ ያችን ጣት በሕይወቷ አዝዛት ስለማታውቅ እንዴት እንደምታስቀምጣት ግራ ገባት፤ በቀኝ እጇ ይዛ መስተዋቱ ላይ አስተኛቻት። ማሽኑ አሰበ። ከዚያ አረንጓዴ በራ።

ልክነሽ ብርሃኑን ትኩር ብላ አየችው። ሌሎቹ ጣቶቿ አምስት ልጅ አሳድገዋል፣ ቤት ሠርተዋል፣ ኦይታን ሠላሳ አምስት ዓመት ክር ሳያጣ አኖረዋል፤ መንግሥት ግን አላውቃቸውም አለ። ምንም ያልሠራችዋ፣ ስትመታ የኖረችዋ፣ ልክነሽ ማለት ይህች ናት ብላ የመሰከረች እርሷ ናት። ጣት ከጣት ይበልጣል ሲባል ሰምታ ነበር፤ በዚህ ይበልጣል ብላ ግን አልጠረጠረችም። ንዴት እንደሆነ፣ ደስታ እንደሆነ ያልለየለት ነገር ከሆዷ ተነሣና በእንባም በሳቅም ወጣ። ባለሽጉጧ ሴት የወረቀት መሐረብ ሰጠቻት። ሹሙ ጋቢውን ራሱ ነው ያጠፈው፤ ጠርዙን ከጠርዝ አስተካክሎ፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ ዘንቢሏ ውስጥ አኖረው። ከዚያ ማኅተሙን መታ።

«ይግቡ ብለዋል፣ እናቴ» አለች አስተርጓሚዋ። ድምፅዋ ትንሽ ተለውጧል። «ልጅዎ በሰላም ትገላገል።»

«ስምሽ ማን ነው፣ ልጄ?»

«ስማችንን መናገር አይፈቀድልንም።»

ልክነሽ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «ግድ የለም። የላከሽ ያውቀዋል» አለች።

የመጨረሻው በር በራሱ ተከፈተ። ወዲያ ማዶ ብዙ ሰው ቆሟል፤ ከሁሉም ፊት፣ ቁልፉ አልገጥም ያላት ትልቅ ካፖርት ለብሳ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ፌቨን። እየሮጠች ልትመጣ ስትል ልክነሽ ከሩቅ «ቀስ! ቀስ!» እያለች እጇን አወናጨፈች። ተቃቀፉ፤ ሆዷ መካከላቸው ስለገባ አልተመቻቸውም፤ በጎን ተቃቀፉ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ እማ! ምን ሆነሽ ነው? አስቸገሩሽ? አሻራው እምቢ አለ?» ልክነሽ ለጀርመን መንግሥት አንድ ሳታስቀር የተናዘዘችውን ለገዛ ልጇ መናገር አቃታት። «ኧረ ምንም» አለች፣ «ሻንጣው ነው የዘገየ።» ፌቨን ብዙ ሰዓት ስትፈራ ስለቆየች አመነቻት፤ ወይም ያመነች መሰለች።

የእናቷን እጅ ያዘችና «በረዶ ሆኗል እኮ!» አለች። ጓንትሽስ ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ካፖርቷን ገልጣ ያንን እጅ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው፣ ይሙቅልሽ ብላ። ልክነሽ እጇን ልታነሣ ነበር፤ ጣቶቿ ሻካራ መስለው ተሰሟት። ያን ጊዜ ከሥራቸው አንድ ነገር ገፋ አደረጋት። ዝም አለ። እንደገና፣ ልክ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ጠበቅ አድርጎ ገፋት። ፌቨን ትንፋሽዋን ይዛ «ለሰው እጅ እንዲህ አድርጎ አያውቅም» አለች።

ልክነሽ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ሁለተኛውን እጇንም ጨመረች። ሰው እየገፋቸው ያልፋል፤ ሻንጣ ይንከባለላል፤ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እርሷ አልሰማችም።

«አወቀኝ» አለች።